ጄራኒየም ከአንዲት ቁራጭ ዘንግ፦ ፀሐይ ለሚበዛበት ግቢ ዝርዝር መመሪያ

ሰፈራችን ውስጥ የቆርቆሮ አጥር ያለው አንድ የቆየ የጭቃ ቤት አለ። ደጁ ላይ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲና ከንፈሩ የተሸረፈ እንስራ ተደርድሯል። ሁሉም ላይ ቀይ ጄራኒየም ፈክቷል። በጋ የለ፣ በልግ የለ። እኔ ያን ሰሞን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛሁትን ጄራኒየም ለሁለተኛ ጊዜ ገድዬ ነበር። ቀናሁ። አንድ ቀን ደፍሬ የቤቱን ባለቤት ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ምን ቢያደርጉለት ነው እንዲህ የሚያምረው?»

«ምንም። ውሃ ስትጠፋ እሱም ይጠማል፤ ስትመጣ አብሮን ይጠጣል።»

ይህን ብለው አንዲት ዘንግ ቀንጠስ አደረጉና ሰጡኝ። «ውሰጂ የኔ ልጅ። ብቻ ውሃ አታብዢበት።»

ያቺ ዘንግ ዛሬ አሥራ አንድ ፖት ሆናለች። ከዚህ በታች ያለው ከእሳቸው የሰማሁት፣ በኋላ አንብቤ ያጣራሁትና ስገድል የተማርኩት ነው። የምጽፈው አዲስ አበባንና የአየር ጠባያቸው የሚቀራረብ ከተሞችን እያሰብኩ ነው። ሞቃት አገር ላላችሁና ባሕር ማዶ ላላችሁ ወደ መጨረሻው ላይ ለብቻ አለ።

አገሩን ማወቅ

እኛ ጄራኒየም የምንለው ተክል በሳይንስ ስሙ ፔላርጎኒየም ነው። ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ከሌላው ጄራኒየም ጋር ጠቅልሎት ነበር። በ1789 ሌሪቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት አጥኚ ለየው። ሰው ግን የድሮውን ስም አልለቀቀም፤ እኔም አልለቅም። ፔላርጎስ በግሪክኛ ሽመላ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቁርጥ የሽመላ መንቆር ይመስላል።

አብዛኛው ዝርያ የመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ ነው። እኛም አገር በዱር የሚበቅሉ ዘመዶች አሉት። አንደኛው ቀይ አበባ ያለው ሲሆን በቦረና ስም ተሰይሟል።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሟያ አይደለም። በየቤታችን ያለው ጄራኒየም የአያት ቅድመ አያቶቹ አገር ድንጋያማ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ነው። ወፍራም ዘንጉ ውሃ ይቋጥራል። ቅጠሉን የሸፈነው ስስ ፀጉር ድርቀት ያስታግሳል። ከዚህ በታች «አድርጉ» እና «አታድርጉ» የምለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ዓይነቱን መምረጥ

ቅጠሉ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለበት ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ለጀማሪ ይሻላል። እትዬ ደጅ ያለው እሱ ነው። ቅጠሉ ወፈር ብሎ የሚያብረቀርቀው ተንጠልጣይ ዓይነት ለበረንዳ ያምራል፤ ግን ክረምት ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ቅጠሉ ሲታሽ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸተው ደግሞ አበባው ትንሽ ነው፤ የሚተከለው ለሽታው ነው። አበባው ትልልቅና ሁለት ቀለም ያለው ቅንጡ ዓይነትም አለ። ውብ ነው። ግን አመለኛ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተዉት።

ከችግኝ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ አበባውን አትዩ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩ። ቡናማ ዱቄት ወይም ነጫጭ ትንንሽ ዝንቦች ካሉ ትታችሁ እለፉ። ዘንጉ አፈሩ አካባቢ ጠቁሮ ከሆነም እንደዚያው።

ቦታ

ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህን በግምት አትወስኑ። አንድ ቀን ቤት ስትውሉ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ያሰባችሁትን ቦታ እዩ። ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ካለበት ቦታው ያ ነው። ሁለቱን ጊዜ ካለበትም ይበቃል። አንዴ ብቻ ከሆነ ቅጠል እንጂ አበባ አትጠብቁ፤ ዘንጉም ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ይከሳል።

የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ሥር ግሩም ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከባሕር ዛፍ ግን ራቅ በሉ፤ ውሃውንም አፈሩንም ይቀማል።

አፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያችሁ ቀይ አፈር ነው ወይስ ዋልካ? ዋልካ ማለት በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ ላይ ጄራኒየም በቀጥታ ከተከላችሁ እስከ ሰኔ ይኖራል። ከሐምሌ በኋላ ሥሩ ይበሰብሳል።

ለመፈተሽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና እንዲሰርግ ተዉት። ከዚያ ድጋሚ ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወረደ መሬቱ ደህና ነው። በማግሥቱ ኩሬ ሆኖ ካገኛችሁት ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከልሎ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ መሥራት፣ ወይም ፖት ላይ መትከል።

የእኔ ድብልቅ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ወይም ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)። ፍግ ከሆነ የከረመና ሽታው የጠፋ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በማዳበሪያ የሚሸጠው «የተዘጋጀ አፈር» (ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው፤ ይሄ ቃል ሁሌ ያደናግረኛል) ብዙ ጊዜ ጭቃ ይበዛዋል። አርጥባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ስትለቁት ፍርክስክስ ካለ ጥሩ ነው። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጨምሩበት።

ፖቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢሆን ይበቃል። ጄራኒየም ጠበብ ያለ ቤት ይወዳል፤ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቅጠል ያበዛል። ባልዲም ጀሪካንም ይሆናል፣ ታቹ ላይ አራት አምስት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደረድራል። ውሃ ያወርዳል ተብሎ ነው፤ ግን አያወርድም። ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ከአፈሩ ቶሎ አይለቅም፣ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ብታዋህዱት ይሻላል።

ከቁርጥ ማራባት

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ጄራኒየም በዘርም ይበቅላል፣ ግን ጎረቤት እያለ ዘር ምን ያደርጋል?

ቁርጡ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች የጄራኒየም ቁርጥ ወደ አውሮፓ ይልካሉ። ሥር የለውም። ተቀንጥሶ፣ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ይሄዳል፤ እዚያ ደርሶ ሥር ያወጣል። በጋቸው ሲመጣ አውሮፓ በረንዳ ላይ ከሚፈካው ጄራኒየም የተወሰነው የእኛን ፀሐይ ጠጥቶ የሄደ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት እስከ እናንተ ቤት ያለው መንገድ አያሳስባችሁ።

የሚሻለው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ፀሐዩም አለ። በልግ መግቢያ ላይም ይሆናል።

1. አበባ ያልያዘ፣ ሲነኩት ጠንከር ያለ አረንጓዴ ዘንግ ምረጡ። ወደ እንጨትነት የተለወጠ ቡናማ ዘንግ ሥር ለማውጣት ይዘገያል።

2. ከጫፉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ለኩና ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። አንጓ የምለው ቅጠሉ ከዘንጉ የሚወጣበትን እብጠት ነው፤ ሥር ቶሎ የሚፈልቀው ከዚያ ነው። ምላጭ ወይም ስለታም ቢላ ተጠቀሙ፤ በአልኮል ጥረጉት። እትዬ በጣታቸው ነው የሚቀነጥሱት፣ ይሆንላቸዋል። እኔ ስቀነጥስ ዘንጉ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ደግሞ ይበሰብሳል።

3. ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ትታችሁ የታችኛውን ሁሉ አራግፉ። እንቡጥ ካለም ይነሳ። አሁን አንጓውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ግራና ቀኝ የአይጥ ጆሮ የምታክል ስስ ነገር ተለጥፋለች። እሷንም በጥፍራችሁ ላጥ አድርጉ። አፈር ውስጥ ከገባች ቀድማ የምትሻግተው እሷ ናት።

4. ቁርጡን ጥላ ቦታ ጋዜጣ ላይ አስተኙት። ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ይቆይ። የተቆረጠው አፉ ይደርቅና ስስ ቆዳ ያበጃል። ቅጠሉ ጠውለግ ቢል አትደንግጡ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ቁርጡ ለምን እንደሚጠቁርበትም ግራ ይገባዋል።

5. ግማሽ አሸዋ ግማሽ ብስባሽ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አዘጋጁ። በእርሳስ ቀዳዳ አብጁ። ቁርጡን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አስገብታችሁ ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጉ። በቀዳዳው ፋንታ ዘንጉን በጉልበት ከሰካችሁት አፉ ላይ ያበጀው ቆዳ ይቀደዳል። አንድ ጊዜ ውሃ አጠጡና ተዉት።

6. ብርሃን ያለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን የማይመታው ቦታ ይቀመጥ። ላዩ እስኪደርቅ ድጋሚ ውሃ አትስጡ።

ፌስታል አታልብሱት! ለሌላ ተክል ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን መርዝ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁርጦች በፌስታል ሸፍኜ በአሥር ቀን ውስጥ ስድስቱንም እንደ ክብሪት እንጨት ጠቁረው አገኘኋቸው።

ሥሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ትንሽ ይገፋል። እየነቀላችሁ አትዩ። ቅጠሉን ይዛችሁ በቀስታ ሳብ ስታደርጉት እንቢ ካለ ሥር ይዟል። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ደግሞ ሳብ ማድረግም አያስፈልግም።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሥር ማስወጣትም ይቻላል። ግን የውሃ ሥር ተሰባሪ ነው፣ አፈር ላይ ሲዛወር ይንገላታል።

መትከል

ሥር የያዘውን ቁርጥ ከነአፈሩ አንስታችሁ ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ትከሉ። ዘንጉን በጥልቀት አትቅበሩት። መደብ ላይ ከሆነ በየመካከሉ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ስጡ፤ ሲተከል ባዶ ይመስላል፣ በኋላ ይሞላል። ክፍተቱ ለነፋስ ነው። የመጀመሪያዋን ሳምንት ከቀትር ፀሐይ ከልሉት።

15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ የጫፉን እምቡጥ ቅጠል በጥፍር ቀንጥሱ። ያሳዝናል፣ ግን ቀንጥሱት። ከተቀነጠሰበት ዝቅ ብሎ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ካልሆነ አንድ ረጅም ዘንግ ላይ አንድ አበባ ተሸክሞ ይቀራል።

ዶሮ ካለም አስቡበት። አንድ ዓመት ለገና የተገዛች ዶሮ ባለቤቴ ለአንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ ለቀቃት። በማግሥቱ አዲስ የተከልኳቸው አራቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተው ነበር።

ውሃ

ጄራኒየም የሚሞተው ባብዛኛው ከጥማት ሳይሆን ከመጠጥ ብዛት ነው። ስለዚህ «በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለውን ጥያቄ እርሱት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ዛሬ የለም። ደረቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ጠብ ጠብ ማድረግ ከሁሉም የከፋው ነው። ላዩ ሁሌ እርጥብ፣ ታቹ ሁሌ ደረቅ ይሆናል።

ፖቱን ለመድኩት ካላችሁ ጣትም አያስፈልግም፤ ከፍ አድርጋችሁ ክብደቱን ማየት ይበቃል። ሥሩ ሳህን ካለ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ። ውሃውን ቅጠሉና አበባው ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ አፍስሱ፣ በተቻለ ጠዋት።

የውሃ ፈረቃ ላለበት ሰፈር ይህ ተክል የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መደብ ላይ በደንብ ሥር የሰደደ ጄራኒየም ሳምንት ሙሉ ውሃ ባያይ ቅጠሉ ትንሽ ይጠወልግ እንደሆነ ነው። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃ ጥሩ ነው። ጨው ወይም ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም።

ምግብ

አጭር ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ጥቅምትና መጋቢት ላይ፣ አንድ ሁለት ጭብጥ ብስባሽ ዙሪያውን ጣል አድርጋችሁ ኮትኩቱ። ዩሪያ አትስጡት። ዩሪያ ያገኘ ጄራኒየም ጎመን ይመስላል፤ አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ አበባ የሌለው።

የደረቀውን ማንሳት

አበባው ሲጠወልግ የአበባውን ቅጠሎች ብቻ አትልቀሙ። አበባውን የተሸከመውን ቀጭን ዘንግ በጣታችሁ ተከትላችሁ ውረዱ። ዋናው ግንድ ጋ ስትደርሱ ትንሽ እብጠት አለች። እዚያ ላይ በአውራ ጣት ወደ ታች ጫን ስታደርጉት «ቀጭ» ብሎ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መቀስም አያስፈልገውም። ካልተነሳ ተክሉ ጉልበቱን ዘር ወደ ማፍራት ያዞራል። ከተነሳ ሌላ እንቡጥ ያወጣል። እኔ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ነው የምሠራው።

ክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው ማሳደግ አይደለም፣ ማትረፍ ነው። ፖቶቹን ዝናብ ወደማይደርስበት የጣሪያ ሥር አስገቡ። ጠፈጠፍ ሥር ግን አይሁን። አሸንዳ የሌለው ቤት ከሆነ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ አፈሩን ቦርቡሮ ሥሩን ያወጣዋል። በረዶም ቅጠሉን ይበሳሳዋል።

መደብ ላይ ያለውን ማንሳት ስለማይቻል የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ ነፋስ ይለፍበት። በክረምት አትግረዙ። እርጥብ ቁስል ለበሽታ በር ነው።

ሲታመም

ዘንጉ ከአፈሩ ጀምሮ ወደ ላይ ከጠቆረ ሥሩ በስብሷል። አይድንም። ጫፉ ገና አረንጓዴ ከሆነ ከጤነኛው ላይ ቁርጥ ውሰዱና ቀሪውን ከነአፈሩ ጣሉ።

ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ደግሞ በክብ በክብ የተደረደረ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው። የስንዴ ዋግ ሳይሆን የራሱ የጄራኒየም ዋግ አለ። ቅጠሉን ልቀሙና አቃጥሉ። ኅዳር እስኪታጠን አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን። ብስባሽ ውስጥም አትጨምሩት።

አበባው ላይ ግራጫ ጸጉር ያለው ሻጋታ የእርጥበት ችግር ነው፤ የደረቀውን ቶሎ ማንሳትና ማራራቅ ይፈታዋል። እንቡጡ ሳይፈካ ቀዳዳ ካለው ውስጡ ትል አለ፤ ማታ ማታ በእጅ መልቀም ነው። ክሽክሽ (ቅጠል ላይ ተሰብስበው ፈሳሹን የሚመጡ ትንንሽ ተባዮች) ከመጣ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ቅጠሉ ሥር እርጩና በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡ።

በኅዳር ብርድ የቅጠሉ ጠርዝ ቀላ ቢል በሽታ አይደለም። ሲሞቅ ይመለሳል።

ድመትና ውሻ ቅጠሉን ከበሉት ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ የሚያኝክ ቡችላ ካላችሁ ፖቱን ከፍ አድርጉ።

ሌላ ቦታ ላላችሁ

አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ከሆናችሁ የጠዋት ፀሐይ ስጡትና ከቀትር በኋላ ጥላ ይሁን። ደብረ ብርሃንን የመሰለ አመዳይ የሚጥልበት ከተማ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ በጨርቅ ይሸፈን ወይም ግድግዳ ሥር ይጠጋ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ውጭ ብትተዉት የመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ ይጨርሰዋል። ጥቅምት ላይ ከርክማችሁ ፀሐያማ መስኮት ዳር አስገቡት፣ ውሃ ቀንሱለት፣ ውርጩ ሲያበቃ መልሱት። እስራኤል ውስጥ ቆላማው አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ይኖራል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጄራኒየም የቀዝቃዛው ወር አበባ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይፈካል። በጋውን ማቆየት ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ጋ ነው።

ማደስ

ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ ታቹ ይራቆታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት አካባቢ፣ በደረቅ ቀን ከቁመቱ ሲሶውን አስቀርታችሁ ግረዙት። እያንዳንዱ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት አንጓ ይቅር፤ ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል የሞተ ይመስላል። ሲያቆጠቁጥ ብስባሽ ስጡት። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ያብባል፤ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የተገረዘ ለገና ሊደርስ ይችላል።

የተገረዘውን አትጣሉ። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ እግር ላይ አሥራ ሁለት ቁርጥ አወጣሁ። ዘጠኙ ያዙ። ሁለቱን ለእትዬ ወሰድኩላቸው፤ የእንስራው ጄራኒየም አርጅቶባቸው ነበር።